ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ፦ ሦስት ሙያ ያጣመረ ምሩቅ ለምን ያስፈልገናል?

ዕውቀት በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ኃይል የሚሆነው በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ወይም በዲግሪ ስለ ተመሰከረለት ሳይሆን፣ ከሰው ልጅ የዕለት ችግር ጋር ተጋፍጦ ያንን ችግር ሲቀንስ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ በየስብሰባው ስለሚነገር የገባን ይመስለናል። በተግባር ግን ሳይንስን ለተመራማሪው፣ ምርትንና ንግድን ለፋብሪካውና ለነጋዴው፣ ሕክምናን ለሐኪሙ ከፋፍለን ሰጥተን፣ በሦስቱ መካከል በቀረው ባዶ ቦታ ላይ በሽተኛው ብቻውን እንዲቆም አድርገናል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ባዶ ቦታ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንስን፣ የድርጅት አመራርንና የጤና አገልግሎት ፈጠራን አጣምሮ የሚያስተምር የትምህርት ዘርፍ እየተስፋፋ መጥቷል። ወጣቱ በመጀመሪያ በሥነ ሕይወት፣ በኬሚስትሪ ወይም በምህንድስና ይመረቃል። ቀጥሎም የምርት ወጪ እንዴት እንደሚሰላ፣ የፈጠራ ባለቤትነት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የአንድ መሣሪያ ወይም መድኃኒት ፈቃድ በምን ደረጃ እንደሚገኝ ይማራል። በመጨረሻም ሆስፒታል ገብቶ ሥራው የት ላይ እንደሚሰናከል በዓይኑ እያየ ያጠናል። በእኛም አገር ይህን ጎዳና የሚመርጡ ወጣቶች አልጠፉም። ነገር ግን ቤተሰብ ይጨነቃል፤ ጎረቤትም ይጠይቃል። «ልጁ ሐኪም ነው ወይስ ነጋዴ?» ይባላል። ቁርጥ ያለ መልስ ሲጠፋ፣ «ከሁለት ያጣ ጎመን» የሚለው ፍርድ ይከተላል።

ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም እንላለን። ምክንያታችንንም ሩቅ ሳንሄድ ከደሴ ዙሪያ እንጀምራለን።

ከደሴ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ በብርዳማው ደጋ ላይ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። ስሙ በታሪክ የታወቀው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለዛሬው የወሎ ሕዝብ ግን ቦሩ ሜዳ ማለት በይበልጥ ሆስፒታሉ ነው። በሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ተጀምሮ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ ገንኖ፣ ዛሬ አጠቃላይ አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ሆኗል። ከደሴ ወደ ደቡብ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ የሚደርሰው ተጓዥ ኮምቦልቻን ያገኛል፤ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባትን፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባትን ከተማ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ በሁለት ተከፍሎ፣ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁን በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በኮምቦልቻ አቁሟል። እንግዲህ የችግሩ ዕውቀት በአንድ ጫፍ፣ የማምረት ኃይሉ በሌላው ጫፍ፣ ትምህርቱም በመካከል አለ። ርቀቱ በመኪና ከግማሽ ቀን በታች ነው። በሰውና በሰው መካከል ያለው ርቀት ግን ከዚህ ይበልጣል።

አንድ ጫማ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሥጋ ደዌ እርግማን ሳይሆን በተሕዋስ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ካረጋገጡ 150 ዓመታት አልፈዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ምክር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተስፋፋው የጥምር መድኃኒት ሕክምና፣ ዛሬ በሽታው እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወራት ይድናል። ሆኖም መድኃኒቱ ተሕዋሱን ይገድላል እንጂ የሞተውን የስሜት ነርቭ አይመልስም። ስሜት ያጣ እግር እሾህ ሲወጋው፣ ፍም ሲያቃጥለው፣ ጠጠር ሲፍቀው አያውቅም። ሕመም ጠላት ብቻ አይደለም፤ ዘበኛም ነው። ዘበኛው ሲሞት ትንሹ ቁስል ወደ አጥንት ይገባል፤ ከበሽታው የዳነው ሰውም በጫማ እጦት እግሩን ያጣል።

ታዲያ የሚያስፈልገው ጫማ ምን ዓይነት ነው? የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት መርምረው የደረሱበት መልስ አለ። የውስጥ ሶሉ ለስላሳ ሆኖ የሰውነትን ክብደት የሚያከፋፍል፣ የውጭ ሶሉ ጠንካራ ሆኖ እሾህ የማያሳልፍ መሆን አለበት። ማሰሪያው እንደ እግሩ እብጠት የሚጠብቅና የሚላላ፣ ተረከዙንም የሚይዝ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ምስማር አይገባበትም፤ ስሜት የሌለው እግር ምስማሩ ሲወጣ አያውቅምና። ይህን ጫማ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ከጨረቃ የሚመጣ አይደለም። ለውጭ ሶል በርባሶ የሚሠራበት የመኪና ጎማ ይበቃል፤ ለማሰሪያው ቆዳ አለ፤ ለስላሳው የውስጥ ጎማ ብቻ ልዩ ዝግጅት ይፈልጋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ጫማው ከሌላው ሰው ጫማ የተለየ ቅርጽና ቀለም ካለው፣ የተሰጠው ሰው አያደርገውም። «ይህ ጫማ የሥጋ ደዌ ነው» ተብሎ በገበያ መካከል ከሚጠቆምበት፣ ባዶ እግሩን መሄድን ይመርጣል። በልዩ ልዩ አገሮች በዚህ ምክንያት ብቻ በደግነት የተሰጡ ጫማዎች በየቤቱ ጣሪያ ሥር ተሰቅለው ቀርተዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ትክክለኛውን ጫማ ስላወቀ ብቻ ችግሩ አልተፈታም። ማራኪ ጫማ እንዴት እንደሚነደፍ የሚያውቀው የጫማ ሠራተኛው ነው። አንዱ ጫማ ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ ስንት ወር እንደሚያገለግል፣ ሲያልቅ ማን እንደሚተካው የሚያሰላው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሐኪሙ፣ ጫማ ሠሪውና ሒሳብ ሠሪው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ፣ ወይም የሦስቱንም ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው በመካከላቸው ካልተመላለሰ፣ ዕውቀቱ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቆልፎ ይቀራል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣውንና በእንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን በስፋት የተጠናውን የእግር እብጠት ብንወስድም፣ መከላከያው ያው ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ሆኖ እናገኘዋለን።

የሦስቱ ሙያዎች መለያየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከአክሊሉ ለማ ሕይወት የበለጠ የሚያስተምር የለም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የጅጅጋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሳይንቲስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው ጥገኛው ትል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውሃው በሚገባው ሰው ቆዳ ሲዘልቅ ነው። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ወጣቱ ሳይንቲስት በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የአገራችን እናቶች እንዶድን ከሳሙና በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ግኝቱ የተወለደው እንግዲህ ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከልብስ አጣቢዎች ድንጋይ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ከፍ ያለ ነበር። በዐድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው የ5 ዓመት ሙከራ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ በሕፃናት ላይ የታየው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከእንዶድ ፍሬ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገር በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው 65 ያህል የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር፣ «ዓይነት 44» የተባለውን ምርጥ ዘር ለዩ። እንከን አልነበረውም አንልም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ነገር ግን ከውጭ በውድ ዋጋ ከሚገዛው የኬሚካል መድኃኒት አንጻር፣ በገበሬው ጓሮ የሚበቅል መፍትሔ ነበር።

ታዲያ ለምን በየወንዙ አልደረሰም? ሳይንሱ ስለ ጎደለ አይደለም። ሕዝቡ ስላልተቀበለውም አይደለም። ጥያቄዎቹ ሌሎች ነበሩ። የመርዛማነቱ ምርመራ በበለጸጉት አገሮች ላቦራቶሪዎች በሚታወቀው ሥርዓት ተደግሞ ካልቀረበ በስተቀር ዓለም አቀፍ ተቋማት እንደማይቀበሉት ታወቀ። ለዚያ ምርመራ የሚወጣውን ገንዘብ የሚሸፍን ድርጅት እስኪገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻ የረዳው የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው። ማን በሰፊው ይተክለዋል? ማን ያደርቀዋል፣ ይፈጨዋል፣ መጠኑን ያረጋግጣል? ድሃው የወንዝ ዳር ነዋሪ ገንዘብ ከሌለው ገዢው ማን ነው? እነዚህ የሳይንስ ጥያቄዎች አይደሉም። የምርት፣ የፈቃድ፣ የገበያና የመንግሥት በጀት ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ሲዘገይ ጊዜው አለፈ። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ረክሶ በስፋት ይሰጥ ጀመር፤ የዓለምም ትኩረት ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞረ። ክኒኑ መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬ ታክሞ የዳነው ሕፃን ነገ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል፤ ቀንድ አውጣውም እዚያው አለ። በሐይቅ ከተማ አካባቢና በሌሎችም የወሎ ቦታዎች ተመራማሪዎች ቢልሃርዚያን በትምህርት ቤት ልጆች ላይ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሲያገኙት ኖረዋል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በዚያው ዘመን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች «ዜብራ መስል» የሚባል ዛጎል ለባሽ ፍጥረት ተራብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ነበር። እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል ተረጋገጠ። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም፣ አክሊሉ ለማ ራሳቸው ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው በተመዘገቡበት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የባለቤትነት መብት አወጣ። እዚያ ከሳይንቲስቱ ጎን የፈጠራ ሕግ የሚያውቅ ጽሕፈት ቤት ነበረ፤ ችግሩን ለማስወገድ የሚከፍል የውሃ ድርጅትም ነበረ። የዐድዋ እናቶች ዕውቀት በየት በኩል ዞሮ ወረቀት ላይ እንደ ሰፈረ አንባቢ ይመልከት። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ። የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

በአንጻሩ ሦስቱ ሙያዎች የተገናኙበትን ቦታ ማየት ጠቃሚ ነው። በደቡብ ህንድ በማዱራይ ከተማ፣ የዓይን ሐኪሙ ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋዎች አራቪንድ የተባለውን የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ። የዓይን ሞራ ከተገፈፈ በኋላ በዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ በዚያን ዘመን ከበለጸጉት አገሮች በ100 ዶላር ገደማ ይገዛ ስለ ነበረ፣ ለድሃው ሕመምተኛ የማይታሰብ ነበር። ሆስፒታሉ ልመናውን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የተባለውን የራሱን ሌንስ ፋብሪካ አቋቋመ። የአንዱ ሌንስ ዋጋ ወደ 10 ዶላር ገደማ፣ ቆይቶም ከዚያ በታች ወረደ። መክፈል የሚችለው ሕመምተኛ የሚከፍለው ገንዘብ መክፈል የማይችለውን ያሳክም ጀመር። ልብ እንበል፤ ይህ ምጽዋት አይደለም። የሠራተኛውን ሰዓት፣ የቀዶ ሕክምናውን ቅደም ተከተል፣ የሌንሱን ጥራትና ዋጋ አንድ ላይ ያሰላ አእምሮ ውጤት ነው። የዓይን ሞራ ቦሩ ሜዳ ለሚሄደው የወሎ ገበሬ እንግዳ በሽታ ስላልሆነ፣ የማዱራይ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «ንግድ ወደ ሕክምና ሲገባ ድሃው ይወጣል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸውን አናቃልልም። በየከተማው በሕመምተኛ ጭንቀት የሚከብሩ ሰዎች መኖራቸውን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ዋጋን ማወቅና በዋጋ መበዝበዝ አንድ አይደሉም። ወጪውን የማያውቅ ሐኪም ድሃውን ሊጠብቀው አይችልም፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ ማን እንደሚያመጣለትና በስንት እንደሚያመጣለት የሚወስንለት ሌላ ነውና። አብዛኛው መድኃኒታችንና መሣሪያችን ከውጭ እየተገዛ፣ የውጭ ምንዛሪ ባጠረ ቁጥር መደርደሪያው ባዶ የሚሆነው፣ ሒሳቡን ለሌሎች ስለ ተውነው ጭምር ነው።

የመሣሪያውን ነገር ካነሣን፣ የደሴ ነዋሪ የኖረበትን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 በገባ ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የአካባቢው የሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ ኦክስጅን ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እያንዳንዱ ቤተሰብ ተረዳ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጠቃልል፣ የደሴ ሆስፒታል ንብረት ተዘረፈ፤ መሣሪያው ተሰባበረ። ከዚያ በኋላ ርዳታ መጣ። ነገር ግን በርዳታ የሚመጣ መሣሪያ መለዋወጫ ከሌለው፣ መመሪያው በማይነበብ ቋንቋ ከተጻፈ፣ ወይም ከመብራቱ ኃይል ጋር ካልተስማማ፣ ጥቂት ወራት ሠርቶ በመጋዘን ማዕዘን አቧራ ይጠጣል። ይህ በአንድ ሆስፒታል ብቻ የሚታይ አይደለም። የትኛው ማሽን ይጠገን፣ የትኛው ክፍል ኮምቦልቻ ባለው የብረት ሥራ ይቀረጽ፣ የትኛውስ ተሽጦ በሌላ ይተካ ብሎ የሚወስን ሰው ይፈለጋል። ይህ ሰው ሐኪም ብቻ ቢሆን አይበቃም፤ መሐንዲስ ብቻ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ቢሆንም እንደዚሁ።

እንግዲህ «ከሁለት ያጣ ጎመን» የተባለው ወጣት የሚቆምበት ቦታ ይህ ነው። ከእርሱ ግን የምንጠይቀው አለ። የዚህ ትምህርት አደጋ ወጣቱ በሦስቱም ሙያ ጥቂት ጥቂት ቃል ለቅሞ፣ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል በየአዳራሹ እያስተጋባ፣ አንድም ዕቃ ሳይሠራ ሽልማት መሰብሰቡ ነው። ይህ ዓይነቱ ሰው ከወዲሁ በአንዳንድ ስብሰባዎች ብቅ እያለ ነው። መለኪያው ስለዚህ ቀላል መሆን አለበት፤ የሠራው ነገር ቦሩ ሜዳ ተኝቶ ወደሚጠብቀው ሰው ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ከሦስቱ ሙያዎች አንዱን በጥልቀት ያልያዘ ምሩቅም ሌሎቹን ሁለቱን ሊያገናኝ አይችልም። አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣውን ባያውቁት ኖሮ የሞተውን አይተው ባለፉት ነበር።

ዩኒቨርሲቲውም ከዚህ ነፃ አይደለም። የደሴው የጤና ተማሪና የኮምቦልቻው የምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለየብቻ አዘጋጅተው ለየብቻ ከሚያስሩት ይልቅ፣ በአንድ የሆስፒታል ችግር ላይ በጋራ እንዲሠሩ፣ በመጨረሻውም ገጽ ላይ ዋጋውን፣ አምራቹንና ገዢውን እንዲያሰፍሩ ማድረግ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

የቀበሌ ነዋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ድርሻ ደግሞ ከማጨብጨብ በላይ ነው። በየቀበሌው እግሩ ስሜት ያጣ፣ ነገር ግን ከኀፍረት የተነሣ ከቤቱ የማይወጣ ሰው እንዳለ የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ጎረቤቶች ናቸው። ስንት ሰው እንደ ሆነ፣ የእግሩም ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ስሙን ሳያጋልጡ መዝግቦ ለሆስፒታሉ ማድረስ የማኅበሩ ሥራ ሊሆን ይችላል። ያለዚህ ቁጥር ማንም ዎርክሾፕ ምን ያህል ሶል እንደሚቆርጥ አያውቅም። በፋብሪካ በኩል ደግሞ ከቆዳው በየቀኑ ምን ያህል ቁራጭ እንደሚተርፍ፣ ለጫማ ማሰሪያ የሚሆነውም የትኛው እንደ ሆነ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ መቁረጫው ላይ የቆመው ሠራተኛና የመጋዘኑ ጠባቂ ያውቃሉ። ወጣቱ ምሩቅ ከቦሩ ሜዳ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነርሱን በር ነው።